ሰባት ቤት ያልገታው ደም

እትዬ ይርጋለም በልጄ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የተናገሩት ከጆሮዬ ወጥቶ አያውቅም። የባለቤቴ የጌጡ ታላቅ እህት ናቸው። ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «እኛ ቤት እንዲህ ያለ ደም የለም። ልጁን የበላው የእናቱ ደም ነው» አሉ። ቀና ብዬ ጌጡን ባየው፣ መሬት መሬት ያያል።

ልጄ ከተወለደ ጀምሮ እትብቱ ደም ማዠት አላቋረጠም። ጨርቅ ብለውጥለት ጨርቁ ይርሳል። «እትብቱ ሳይደርቅ አትግረዙት» ብዬ ለመንኩ። የአራስ ወሬ ነው ተባልኩ። በስምንተኛው ቀን ተገረዘ፤ ደሙ አልቆም አለና ሞተ። ክርስትና እንኳ ሳይነሣ። ከዚያ ወዲህ አልወለድኩም። አራስ ልጠይቅ ስሄድ ሕፃን የሚያሳቅፉኝ እየተጠቃቀሱ ነው። ሱፍ እየፈተልኩ ለባና ሸማኔዎች እየሸጥኩ ኖርኩ፤ እንዝርቱ በዞረ ቁጥር የእትዬ ይርጋለም ቃል አብሮ ይዞራል።

ዘንድሮ የእትዬ ይርጋለም ልጅ ምስራቅ ወንድ ወለደች። የምትታረሰው ጫጫ፣ እናቷ ቤት ነው። ጌጡ ሙክት፣ እኔ ቅቤ ይዘን ከደብረ ብርሃን ሄድን። የደረስነው በግርዛቱ ጠዋት ነው። ገራዡ አያ ወልደአረጋይ ደጅ ላይ ምላጫቸውን በአረቄ ያጥባሉ።

ልጁን ከምስራቅ ተቀብዬ ስታቀፍ ቀሚሴ ላይ እርጥበት ተሰማኝ። መታቀፊያውን ገለጥ አደረግሁት። እትብቱ ደም ያዣል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከተወለደ ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ይላል» አለች። «እማዬ ቅቤ አድርጊበት ብላኝ ነበር።»

ልጁን እንዳቀፍኩ ሄጄ በሩ ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ይህ ልጅ አይገረዝም።»

እትዬ ይርጋለም ከጓዳ ወጡ። «ምን አልሽ?»

«ሐኪም ሳያየው አይገረዝም። የእኔም ልጅ እንዲህ ነበር።»

«የራስሽን ጣጣ እኔ ቤት አታምጪ! የእኛ ደም ንጹሕ ነው!»

«ንጹሑ ደም ይኸው ቀሚሴ ላይ፤ ይዩት።»

አያ ወልደአረጋይ ምላጫቸውን እንደያዙ መጡ። «ምነው ሴትዮ፣ ካልተነሣሽ በላይሽ ልዝለል?»

«ይዝለሉ፣ ጉልበትዎ ከፈቀደ!»

ምስራቅ ከአልጋዋ ላይ ሳቅ አመለጣት። የልጁ አባት ይሁኔ ግን ፊቱ አመድ መስሏል።

«ዝናሽ፣ ተነሺ በቃ» አለኝ ጌጡ።

«ያኔ በልጃችን ግርዛትም ተነሺ ብለኸኝ ተነሥቻለሁ። ዛሬ ከነደፉ ካልነቀልከኝ አልነሣም።»

ጌጡ እንደ ልማዱ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ፣ «ሚኒባስ ላስቁም» አለና ወደ አስፋልቱ ሮጠ። እኔም የዚያን ጊዜ ተነሣሁ።

ሆስፒታል ዶክተር ፋና የምትባል ወጣት ሐኪም ተቀበለችን። ከልጁ የተቀዳው ደም በብልቃጥ ቢቆይ ቢቆይ አልረጋም። ከደም ባንክ ፕላዝማ አስመጣች፤ ቀይ አይደለም፣ ቅቤ የነካው ውሃ ይመስላል። በልጁ ክንድ ጠብ ጠብ እያለ ገባ። ጨርቁን ገልጬ አየሁ። እንደገና አየሁ። እትብቱ ማዠቱን ተወ።

ከልጁ ወላጆች ሌላ የእኔም፣ የጌጡም፣ የእትዬ ይርጋለምም ደም ተወሰደ። ውጤቱ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ዶክተር ፋና ሁላችንን ጠራችን።

«ደም ውስጥ ፋይብሪኖጅን የሚባል ፕሮቲን አለ» አለች። «የሚሠራው ጉበት ነው። ደህና ስንሆን በፕላዝማው ውስጥ ሟሙቶ ዝም ብሎ ይዞራል። ስንቆስል ክር ይሆንና ይጠላለፋል፤ መረብ ሠርቶ ደሙን ይይዘዋል። አዲሱ ሥጋም የሚያድገው በዚያ መረብ ላይ ነው። ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረመል በዚህ ልጅ ላይ ተበላሽቷል።»

«ባዘቶ የሌለው ፈታይ በይኛ!» አልኳት።

«ልክ እንደዚያ።»

«ከማን መጣበት?» አሉ እትዬ ይርጋለም፣ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለው።

«ከእናቱም ከአባቱም። ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰ ሰው ግማሹ ይበቃዋል፤ ሳያውቀው ኖሮ ሳያውቀው ይሞታል። ከሁለቱም ሲወርስ ነው እንዲህ የሚሆነው። ምስራቅና ይሁኔ ግማሽ ናቸው። ወይዘሮ ዝናሽም፣ አቶ ጌጡም።» ወረቀቱን ገለጠች። «እርስዎም ግማሽ ነዎት፣ እናቴ።»

«እኔ?! ሁላችንም የአንኮበር ዘር ብንሆን ሰባት ቤት ቆጥረን እኮ ነው የምንጋባው!»

«መቁጠሩ ደግ ነው። ዘር ግን ሰባት ቤት ሞላ ብሎ አይቆምም፤ ከዚያ በላይ የጋራ አያት ሳይኖራችሁ አይቀርም።»

እትዬ ይርጋለም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ጌጡ ግን ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

ልጁ ዳነ አልልም፤ ፕላዝማው በየጊዜው ይሰጠዋል፣ ግርዛቱም ሐኪም ፊት ይሆናል። ግን በሕይወት አለ፤ ጡት ይጠባል፣ ጉንጭም አውጥቷል።

በክርስትናው ቀን ድንኳን ተጣለ። ሴቶቹ እነዚያው የልጄ ለቀስተኞች ናቸው። ሰው በልቶ ጠላው ሲዞር ተነሣሁ።

«እትዬ፣ ያኔ በድንኳን ነው ያሉት፤ ዛሬም በድንኳን ይበሉት።»

«በክርስትና ቀን? አታፍሪም?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«እርስዎ በለቅሶ መቼ አፈሩ?»

አልተቀመጥኩም። ቀኑን ሙሉ ብቆምም ግድ አልነበረኝም። በመጨረሻ እትዬ ይርጋለም ጉልበታቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

«ስሙኝ! የዝናሽን ልጅ የእናቱ ደም በላው ብዬ ነበር። ደሙ የእኛም ነው፤ የጌጡም፣ የእኔም። ይህንን ልጅ ደግሞ ያተረፈችው እሷ ናት።» ወደ እኔ ዞሩ። «በቃሽ፣ ወይስ በሚካኤል ልማልልሽ?»

«በቃኝ፣ እትዬ።»

ሕፃኑን ከምስራቅ ተቀበልኩ። አሁን የሚጠቃቀስ የለም። ወደ ድንኳኑ መሐል ወጣሁና ለእሱም፣ ክርስትና ሳይነሣ ለቀረው ልጄም፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ እልል አልኩ።