ጠርዙ ያልተዘመዘመ ቀሚስ

ልጅቷ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ብቅ አለች። "እማዬ፣ ጠራሽኝ?"

ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ "አልጠራሁሽም፤ ተጫወቺ" አለቻት።

ልጅቷ ወደ ጓዳው ተመለሰች። ጓዳው ያለቁ ልብሶች ተሰቅለው ባለቤቶቻቸውን የሚጠብቁበት ጠባብ ክፍል ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከኮቶቹ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ዘርግታ ትጫወትበታለች። ከዚያ መጋረጃ በቀር ሌላ መግቢያ የለውም፤ መስኮትም የለውም።

ጥቂት ቆይታ እንደገና መጣች። "አሁንስ ጠርተሽኛል።"

"ኧረ አልጠራሁም።"

"ስለቴ ብለሽ ጠራሽኝ እኮ።"

ቁልፍ የምትሰፋዋ ባልደረባ ሳቀች። ምላሷ ስለሚወጋ ሁሉም "መርፌ" ይሏታል። "ሂጂ፣ ጆሮሽን ጥረጊ። እናትሽ እንኳን ሰው ልትጠራ፣ ሰው ሲጠራትም አትሰማ።"

ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። እግሯ መርገጫው ላይ ቀረ። ያቺን ልጅ "ስለቴ" ብሎ የሚጠራት ሌላ ሰው የለም።

ልጅቷን ያገኘቻት በስለት ነው። ማህፀኗ ደርቋል ተብሎ፣ የባሏ ዘመዶች ፊት ነስተዋት፣ እሷም ተስፋ በቆረጠችበት ዘመን፣ በጸሎት ቤት የሐና ታሪክ ሲነበብ ሰማች። መካኗ ሐና አልቅሳ ልጅ እንደ ለመነች፣ ከሰጠኸኝ መልሼ ላንተው እሰጣለሁ ብላ እንደ ተሳለች፣ ያም እንደ ሆነላት። ልብስ ሰፊዋ እንባዋን መግታት አቅቷት ንባቡ ሳያልቅ ወጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ፣ "አንተ ብቻ ስጠኝ፤ ጡት በጣለ ማግስት መልሼ ላንተው እሰጣለሁ" አለች። ዓመት ሳይሞላ ታቀፈች።

ልጅቷ ጡት ስትጥል ግን የእናትየው እጅ አልዘረጋ አለ። ለማን ትስጣት? የት ትውሰዳት? ፈራ ተባ ስትል ከረመችና ከሥራዋ አንድ ዘዴ አመጣች። በስፌት ቤቱ ደንብ፣ ጠርዙ ሳይዘመዘም ለጊዜው በነጭ ክር የተያዘ ልብስ አላለቀም ይባላል፤ ባለቤቱ ቢመጣም "ገና ነው" ተብሎ ይመለሳል። እናም የልጇን ቀሚስ ሁሉ ጠርዙን አትዘመዝመውም፤ ነጩን ክር እንዳለ ትተወዋለች። ለጠየቃት ሁሉ "ስታድግ እንዲረዝምላት ነው" ትላለች። በልቧ ግን፣ ያላለቀ ነገር ባለቤቱ አይወስደውም ብላ ነው።

አሁን አፏን በስፒል ሞልታ የአንድ ኮት እጅጌ ማያያዝ ጀመረች። ከናፍሯ ስፒሎቹን ጥርቅም አድርገው ይዘዋል። ያን ጊዜ ነው ከመጋረጃው ጀርባ የገዛ ድምፅዋን የሰማችው።

"ስለቴ" አለ ድምፁ፤ ለስላሳ፣ ማለዳ ልጇን ስትቀሰቅስ እንደምትለው ያለ።

ቁልፍ ሰፊዋ መርፌ፣ ክሩን በጥርሷ ልትበጥስ እንዳለች ቀረች። ልብስ የሚተኩሱት ሽማግሌ፣ አባባ ካውያ፣ ካውያቸውን ቀስ ብለው በቁሙ አስቀመጡት።

ልጅቷ ተቆጥታ ወጣች። "ይኸው፣ ደግሞ..." የእናቷን አፍ ስታይ ዝም አለች።

ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን ወደ መዳፏ ተፋች። "ሰምታችኋል?"

"እኔ እቴ፣ ብሰማም አልሰማሁም" አለች መርፌ፣ ወንበሯን ከመጋረጃው እያራቀች።

አባባ ካውያ ልጅቷን አዩ፤ እናቷንም አዩ። "የሐናን ታሪክ ጨርሰሽ ሰምተሽዋል፣ ልጄ?"

"ልጁን እስክታገኝ ድረስ።"

"ቀሪው አለ። ልጁ በቤተ መቅደስ ተኝቶ ሳለ ድምፅ ይጠራዋል። የጠራው ካህኑ ዔሊ እየመሰለው ደጋግሞ ወደሱ ይሮጣል። በኋላ ለዔሊ ነገሩ ገባውና፣ ተመለስ፣ ሲጠራህ እሰማለሁ በለው አለው።"

"ከዚያስ? ወሰደው?"

"ነገረው። የነገረው ግን ለዔሊ የሚከብድ ነበር።"

እናትየው ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበቻት። "አትመልስም። አሁኑኑ ወደ ቤት እንሄዳለን።"

"ይህኛው ጠሪ ቤትሽ ይጠፋዋል ብለሽ ነው?" አለች መርፌ። እንደ ወትሮዋ ልትቀልድ ነበር፤ ዓይኗ ግን ከመጋረጃው አልተነቀለም።

በጓዳው ውስጥ የልብስ መስቀያዎቹ እርስ በርስ ተነካኩ፤ ሰው በኮቶቹ መካከል ቀስ ብሎ የሚያልፍ ይመስል። ልብስ ሰፊዋ ያን አዳመጠች። እሱ የለመነችውን ሰጥቷታል። ዓመት በመጣ ቁጥር "ገና ነው" እያለች እንደ ደንበኛ ስትመልሰው የኖረችው እሷ ናት።

ተንበርክካ ከልጇ ቀሚስ ነጩን ክር መዘዘችው። ጠርዙን አጥፋ በእጇ ትዘመዝመው ጀመር። ጣቷን ደጋግማ ወጋችው። ስትጨርስ የቀሚሱን ጫፍ በመዳፏ ደለደለችው።

"ሂጂ። ሲጠራሽ፣ እሰማለሁ በይው።"

"አንቺስ?"

"እኔ እዚሁ ነኝ።"

መጋረጃው ከልጅቷ ኋላ ተመልሶ ወደቀ። "እሰማለሁ" ስትል ተሰማ። ረጅም ዝምታ። "እሺ" አለች። እንደገና ዝምታ፤ ቀጥሎም አጭር ሳቅ። የሚያናግራት ድምፅ ግን ለማንም አልተሰማም።

ስትወጣ እናቷን በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው አየቻት።

"ምን አለሽ? እንዳትደብቂኝ።"

"ተቀብያታለሁ አለኝ።"

"መቼ?"

"ገና ስወለድ። እስካሁን አንቺ እያሳደግሽለት ነው አለ። ቀሚስሽ አሁን አማረብሽ አለኝ ደግሞ።"

እናትየው ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። "አይወስድሽም ማለት ነው?"

"እንደሱ አላለኝም።"

"እስከ መቼ ነው የማሳድግለት ታዲያ?"

"አልጠየቅኩትም" አለች ልጅቷ፣ እጇን ወደ መጋረጃው እየላከች። "ተመልሼ ልጠይቀው?"

አባባ ካውያ መሬት መሬቱን አዩ። ልብስ ሰፊዋ መጋረጃውን የያዙትን ትንንሽ ጣቶች ተመለከተች። የዚያን ጊዜን ያህል አንድ ነገር ማወቅ አሰኝቷት አያውቅም፤ መልሱን ግን ፈራችው።

"ተይው" አለች በመጨረሻ። "ነይ፣ ቦርሳሽን ያዢና ወደ ቤት እንሂድ።"

ልጅቷ ወዲያው አልመጣችም። ፊቷን ወደ መጋረጃው መለስ አድርጋ፣ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ መጣች።