ሕመምተኛው ስለጠየቀ ብቻ

ሥራዋ መጻፍ ነው፤ አንባቢዋ ግን ሰው አይደለም። ሆስፒታሎች በሚገለገሉበት ሶፍትዌር ውስጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሆነ ረዳት አለ፤ ቀጠሮ የሚያስይዘው፣ የመድኃኒት ሰዓት የሚያስታውሰው፣ ለዘመድ የሚደውለው እሱ ነው። ጎበዝ ነው፣ ግን የዋህ ነው፤ ከተጻፈለት ስንዝር አያልፍም። ስለዚህ የሚጠቀምበት እያንዳንዱ መሣሪያ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚነሳ፣ መቼስ እጅ መሰብሰብ እንደሚገባ አንድ ሰው ቁልጭ አድርጎ ሊጽፍለት ይገባል። ያ ሰው እሷ ናት። ቃል ስለማታባክን ቢሮ ውስጥ «ምጥን» ይሏታል።

አንድ ሰሞን ቤተሰብ የመጥሪያው መሣሪያ ቢሮውን አመሰው። በሽተኛ «ልጄን ጥሩልኝ» ባለ ቁጥር ረዳቱ ይደውላል፤ ካልሲ ጠፋ ብሎ፣ ትራስ ጎረበጠ ብሎ ሰውን ከስብሰባ ያስነሳል። ዘመድ ሁሉ አቤት አለ። አለቃዋ ራሱን ይዞ መጣና «እባክሽ አንድ ነገር በይልን» አላት። ቁጭ ብላ፣ «ቤተሰብ የሚጠራው የሕመምተኛው ሁኔታ ሲለወጥ ነው። ሕመምተኛው ስለጠየቀ ብቻ አትጥራ» ብላ ጻፈች። አበቃ። አቤቱታው ጸጥ አለ። አለቃዋ በሰው ፊት አስጨበጨበላት፤ እሷም፣ ለምን ይዋሻል፣ ደስ አላት።

አባቷ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ጡረታ ወጥተውም መሪ አልለቀቁም። ዓይናቸው ደክሞ የጎረቤት አጥር ሲገጩ ጊዜ የመኪናቸውን ቁልፍ ወሰደችባቸው። ሰውዬው ነደዱ። «ውጪልኝ! እኔ ካልጠራሁሽ እዚህ ደጅ ድርሽ እንዳትዪ!» አሉ። እሷስ ብትሆን የማን ልጅ ናት? «ካልተጠራሁ አልመጣም» ብላ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው ሆስፒታል ገቡ።

ወሬውን የነገረቻት ሌላ ከተማ የምትኖረው አክስቷ ናት፤ እግሯ አላስሄድ ስላላት በስልክ ነው የምትለምነው። «የኔ ልጅ፣ አፈር ስሆን ሂጂ። እልህ ምላጭ ያስውጣል።»

«ይጥሩኝ።»

«በየትኛው እጃቸው ስልክ ይያዙ?»

«ራስጌያቸው የኛ ረዳት ያለበት ማሽን አለ። ለሱ ከነገሩት ይጠራኛል።»

«የአባትሽ ልጅ!» ብላ ዘጋችባት።

ያቺ ለረዳቱ የጻፈቻት ትእዛዝ ትዝም አላለቻት። የምንጽፈው ሁሉ ለሌላ ሰው ይመስለናላ!

ቀናቱ አለፉ፤ ጥሪ የለም። መጀመሪያ ትቆጣ ነበር፤ ኋላ ቁጣውም ተዋት። ትበላለች፣ ጣዕሙን አታውቀውም። ሰው ሲሥቅ አይታ ትሥቃለች። ስልኳን ታያለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። «በቃ፣ አይፈልጉኝም ማለት ነው» አለች፤ ይህን ስትል እንኳ ምንም አልተሰማትም፤ የደነዘዘ ድድ እንደ መንካት ነው።

አንድ ጠዋት ስልኳ ጠራ። አንድ ለስላሳ ድምፅ፣ «የአባትዎ ሁኔታ ስለተለወጠ ነው የደወልነው» አላት። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። መንገዱን ሙሉ የሱቆቹን ማስታወቂያ አንድ በአንድ አነበበች፤ ሌላ የምታስበው አልመጣላትም።

አባቷ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለዋል። ሌሊቱን አንደበታቸው ተይዟል። ነርሷ አንሶላውን እያስተካከለች ቀና አለች።

«ልጃቸው ነሽ? ምነው እህቴ! በየቀኑ እኮ ነው ሲያስጠሩሽ የነበረው።»

«እኔን?»

«ለማሽኑ ‹ልጄን ጥራልኝ› ይሉታል፣ ‹ሰምቻለሁ› ይላቸዋል። ከዚያ በሩን ሲያዩ መዋል ነው። ትናንት ‹ጠርቻት ቀረች፤ እውነቷን ነው፣ አስቀይሜያታለሁ› አሉኝ። ሥራ ይዟት ይሆናል አልኳቸው፤ ምን ልበል? አልደረሰሽም እንዴ? ይሄ ማሽን ተበላሽቶ ይሆናል፤ ላመልክት።»

«አልተበላሸም» አለች። «በሽተኛ ስለጠየቀ ብቻ አትጥራ ብዬ የጻፍኩለት እኔ ነኝ።»

ነርሷ ነገሩ አልገባትም፤ ብቻ ፊቷን አይታ ወንበር ሳበችላት። «እስቲ አናግሪያቸው» አለቻት ቀስ ብላ። «ሳይሰሙ አይቀሩም።»

ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች። ምንም ለማያውቅ ማስረዳት መተዳደሪያዋ ነው፤ አሁን ግን ከየት ትጀምረው? «አባዬ፣ ማሽኑ አልጠራኝም» አለች። ዓይናቸው ከጣሪያው አልወረደም። «ቢጠራኝ እመጣ ነበር።»

ያ ሁሉ ድንዛዜ የት እንደገባ እንጃ፤ እጃቸውን ጨብጣ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «አልሰማሁም አባዬ! አልጠራኝም!» ትል ጀመር። የአጠገቡ አልጋ በሽተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረላት። ደጋግማ፣ ደጋግማ አለችው፤ ሐኪሙ ገብቶ የአባቷን ዓይን በእጁ እስኪከድን ድረስ። ሰምተዋት እንደሆነ የሚነግራት ግን አልነበረም።