የናዲያ ግራፊክስ ካርድ

ሲግናል ሰፈር የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት የማደርግባት ጠባብ ቤት አለችኝ። ከአስፋልቱ ማዶ ደግሞ ናዲያ አለች። ሁለት ዓመት አጠገቤ አስቀምጬ፣ የቱን መቁረጥ የቱን መተው እንዳለባት ካሳየኋት በኋላ ዓይኔ ሥር የራሷን ቤት ከፈተች። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። እሷ ግን ይኼው እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት መንገዱን ተሻግራ «ጋሽ ሀብቴ፣ እንዴት አደሩ?» ትለኛለች። እሱ ራሱ ያናድደኛል።

የባሰው ኮምፒውተሯ ነው። እኔ ሦስት ቀን የምለፋበትን በአንድ ቀን ታወጣለች። በመስታወት ጎኑ በኩል ምስሉን የሚያፈጥንላት ባለ ሁለት ማራገቢያ ግራፊክስ ካርዷ ሲሽከረከር ከደጃፌ ሆኜ አየዋለሁ። የኔ አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የሸጠው አሮጌ ዴስክቶፕ ነው፤ ሥራ አዝዤው ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ገና ግማሽ ላይ ነው። ደንበኞቼም አንድ በአንድ ወደ ማዶ ተሻገሩ።

ባለፈው ግንቦት የካራዋ እትዬ ዲንቄ ልጃቸውን ሲድሩ ሥራውን ለናዲያ ሊሰጡ ነበር። «ለመልሱ አደርሳለሁ፣ ድንኳን ውስጥ በትልቅ ስክሪን አሳያለሁ» ብዬ ተከራክሬ ወሰድኩት። ሠርጉ እሁድ፣ መልሱ ማክሰኞ። እሁድ ከሙሽሮቹ ጋር እንጦጦ ወጥቼ ባሕር ዛፉ መሐል ስቀርጽ ዋልኩ። ሰኞ ጠዋት ልሠራ ስቀመጥ ስክሪኑ በመስመር ተሞላ፣ ከዚያም ጠቆረ። ግራፊክስ ካርዱ ሞቷል።

መገናኛ፣ ያገለገለ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጠው ሀሚድ ዘንድ ሄድኩ። ሀሚድ አንዲት ትንሽ ካርድ አወጣ።

«ለአሮጌ ማሽን የምትሆነው ይቺ ናት። ተጨማሪ ኃይል አትፈልግም፤ ሰክተህ መሥራት ነው።»

ከእጅ አይሻል ዶማ መሰለችኝ። «ናዲያ የገዛችው የትኛውን ነው?»

«እሱማ ያ ነው» ብሎ ባለ ሁለት ማራገቢያውን አሳየኝ። «ግን ኃይል ይበላል። እሷ ኮምፒውተሯን ተሸክማ መጥታ ኃይል የሚሰጠውን ፓወር ሰፕላይ አይተን መጀመሪያ እሱን ቀየርን። ያንተ ስንት ዋት ነው?»

አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ግን ተማሪዬ የጠየቀችውን እኔ መምህሯ አልጠየቅኩም ማለት ሆነብኝ።

«አምስት መቶ» አልኩ።

«እርግጠኛ ነህ? ለምን ናዲያ አታይልህም? ጎረቤትህ አይደለች?»

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት!» ጮኼ ኖሯል፤ ገበያተኛው ሁሉ ዞረ። ሀሚድ ካርዱን ከነማገናኛ ገመዱ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ቤት ገብቼ ሰካሁት። ካርዱ ስለረዘመ የኮምፒውተሩ ክዳን አልገጥም አለ፤ ይሁን ብዬ ተውኩት። ሳበራው ሁለቱም ማራገቢያዎች ተሽከረከሩ። ናዲያ ከማዶ እንድታይ ጠረጴዛውን ወደ በሩ አዞርኩት። እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ሥራው ሲከብደው ግን «ጧ!» አለ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፣ በቃ አልነሳም አለ። የፓወር ሰፕላዩን ጽሑፍ ያነበብኩት ያኔ ነው፤ ሁለት መቶ አርባ ዋት።

ለመልሱ አንድ ቀን ቀርቶኛል። መንገዱን ተሻገርኩ። ናዲያ ቤቷን ከከፈተች ወዲህ አንድም ቀን ተሻግሬ አላውቅም ነበር። ሃርድ ዲስኩን ተቀበለችኝ፤ ምን ሆኖ ነው እንኳ አላለችም። የራሷን ወንበር ለቀቀችልኝ፣ እኔ ግን አልተቀመጥኩም፤ እሷው ሠራች፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ አየሁ። እንጦጦ ላይ ነፋስ ቬሏን ሲወስድባት ሙሽራዋ በሳቅ የፈረሰችበትን ቦታ እኔ ቆርጬ ልጥለው ነበር። ናዲያ መክፈቻ አደረገችው። ልክ ነበረች፤ እሱም አናደደኝ።

ማክሰኞ ካራ ድንኳኑ ውስጥ ቪዲዮው ሲያልቅ ሰዉ በእልልታ ተነሳ። እትዬ ዲንቄ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ወደኛ መጡ። ልታግዘኝ አብራኝ የመጣችው ናዲያ የስክሪኑን ገመድ ትጠቀልላለች።

«ማን ነው ይኼን የሠራው? ልመርቀው!»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አፌ ቀድሞኝ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አስቤ ነው ያልኩት። የናዲያ እጅ ገመዱ ላይ ቆመ። እትዬ ዲንቄ ዞር ብለው «አንቺስ የኔ ልጅ፣ እጅሽ የለበትም?» አሏት።

«እኔ ስክሪን ልሰቅል ነው የመጣሁት» አለች። «እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

እትዬ ዲንቄ ራሴን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ምርቃት መረቁኝ። አሜን፣ አሜን እያልኩ በጎን ናዲያን አየኋት። ፊቷ ላይ ቂም ፈለግኩ፣ አጣሁ። በዚያም ቀናሁባት።