ጄሮፕ ኪፕያጎን ያሳደደችበት ማራቶን

የኪፕያጎ ላም የጄሮፕን የጎመን ማሳ ሙልጭ አድርጋ የበላችው ለማራቶኑ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው። እዚህ ኢቴን እንዳብዛኞቻችን በሩጫ ነው የሚኖሩት፤ ጄሮፕ ትወዳደራለች፣ ኪፕያጎ ደግሞ አሯሯጭ ነው። እስከ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ከፊት ከፊት እየሄደ ፍጥነት ይጠብቅና ወጥቶ ሻዩን ይጠጣል።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ኪፕያጎ ተሰወረ። በጓሮ ይወጣል፣ በጓሮ ይገባል። ጄሮፕን ንዴቱ እህል አላስበላ አላት።

የውድድሩ ቀን፣ ባሕር ማዶ፣ መነሻው ላይ ቆማ ቀና ስትል ለሴቶቹ የተመደበው አሯሯጭ እሱ ሆኖ አገኘችው።

«አንተ!» አለች። ተኩሱ ተተኮሰ።

እኔና የጄሮፕ አሠልጣኝ ቼቦይ በመኪና ስንከተል ሁሉን እንሰማለን።

«ኪፕያጎ፣ ቁም ላናግርህ!»

«ሥራ ላይ ነኝ!»

«ላምህስ ምን ላይ ነበረች?»

እሱ ፈጠነ፤ እሷም ፈጠነች። አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሌሎቹ ሴቶች ከዓይን ጠፉ። ሠላሳ ሲደርስ ቼቦይ በመስኮት ብቅ ብሎ «ውጣ እንጂ ሰውዬ!» ብሎ ጮኸ።

«እንዴት ነው የምወጣው? ፊቷን አታየውም?»

አልወጣም። የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ ከናቴራውን ጨምድዳ ያዘችው። ከራሷ ምርጥ ሰዓት አሥራ አንድ ደቂቃ ቀንሳ አንደኛ ወጥታለች፤ ሰዓቱን ግን ዞር ብላም አላየችው። «አንድ ቅጠል እንኳ አታስተርፍልኝም?» እያለች ታለቅሳለች።

አገር ቤት ስንመለስ አንድ ፈረንጅ ፕሮፌሰር ምስጢሩን ሊያጠና መጣ። ባቷን ለካ፣ ትንፋሿን በከረጢት ሰበሰበ። ባለወፍጮው «የኔ ዱቄት ነው» አለ፤ ፓስተሩ «ጸሎታችን ነው» አለ። በመጨረሻ ራሷን ጠየቃት።

«የኪፕያጎ ላም ናት» አለችው።

«ወተት» ብሎ ጻፈና ሁለቴ አሰመረበት። ለናሙና ዕቃ ይዞም ሄደ፤ ላሟ ግን ከነጠፈች ሁለት ዓመቷ ነው።

ሽማግሌዎች ሁለቱን ለማስታረቅ ሲቀመጡ ቼቦይ እየሮጠ ደረሰ። «አባቶቼ፣ በእግዜር ይዣችኋለሁ፣ እስከ ጥቅምቱ ማራቶን ብቻ ተኮራርፈው ይቆዩልኝ! ሪከርድ ልታበላሹብኝ ነው!»

ኪፕያጎ ግን ጄሮፕ እግር ላይ ወደቀ፤ እሷም አነሳችው። «ንዴት እኮ ከሩጫው በላይ ያደክማል» አለችኝ በኋላ።

በጥቅምቱ ማራቶን ጎን ለጎን ሆነው ስለ ኪፕያጎ ልጅ ሠርግ እያወሩ ሮጡ። አንዷ ስትቀድማቸው «በርቺ እህቴ!» ይሏታል። ቼቦይ ከመኪናው ወርዶ በእግሩ ወደ ሆቴል ሄደ። ጄሮፕ አሥራ አራተኛ ሆና ስትገባ ስንት በግ እንደሚበቃ ገና አልተስማሙም ነበር።