ለራሱ አበባ ያኖረው ሰው

"ሃሪየት! ወረቀቱን እንዳትልኪው!" ዌና ፓስኮ ሰባ ዓመቷን ረስታ መንገዱን በሩጫ ተሻገረች።

የትሬሎው መንደር የጦርነት ሐውልት ሥር ድንጋይ ጠራቢው ክሌም ተንበርክኮ የአስራ አንዱን ሟቾች ስም ጥቁር ቀለም ይቀባል። አስሩን ጨርሷል። የቀረው "ኧርነስት ፓስኮ" ነው። ማመልከቻውን ይዛ አጠገቡ የቆመችው ሃሪየት ሐውልቱን በቅርስነት ለማስመዝገብ የመጣች ባለሙያ ናት።

እንዲህ ያለ ሐውልት በየመንደሩ ሞልቷል። የትሬሎውን ለየት የሚያደርገው የዌና አያት ነው። ኧርነስት ፓስኮ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሞተ ተብሎ ስሙ ከተቀረጸ በኋላ ከሆስፒታል ወጥቶ በእግሩ መጣ። "ተዉት፣ ድንጋይ በነጻ ማን ያገኛል?" ብሎ ስሙን አላስፍቅ አለ፤ እስኪሞትም በየዓመቱ ኅዳር ላይ በሚውለው የጦር ሟቾች መታሰቢያ ቀን ለገዛ ስሙ አበባ ሲያኖር ኖረ። መጠጥ ቤቱ በዚያ ቀን ለፓስኮዎች ዛሬም ቢራ በነጻ ይቀዳል። ታሪኩን ደግሞ እንደ ዌና አሳምሮ የሚያወራው የለም። ለሳቅ ማውራት ግን አንድ ነገር ነው፤ መዝገብ ላይ ማስፈር ሌላ።

"አበባውን ለራሱ አይደለም ያኖረው" አለች ዌና ትንፋሿን እየሰበሰበች። "እዚያው ጦር ውስጥ ሌላ ኧርነስት ፓስኮ ነበር። የሙት ልጅ፣ ከሕፃናት ማሳደጊያ በቀጥታ የዘመተ። የሞተው እሱ ነው። መርዶው የሚላክለት ዘመድ ስላልነበረው ተሳስቶ እኛ ቤት መጣ።"

"አያትዎ ታዲያ ለምን ዝም አሉ?" አለች ሃሪየት።

"እውነቱን ከተናገረ 'የመንደራችን ልጅ አይደለም' ብለው ስሙን ይፍቁታላ! 'ልጁ ሌላ ቦታ የለውም' አለኝ፣ ለእኔ ብቻ። እኔ ደግሞ ቀልዱ ጣፈጠኝ።" ዌና አፈረች።

"እና የኅዳሩ ቢራስ፣ እትዬ?" አለ ክሌም።

"አርባ ዓመት ጠጥቼዋለሁ አንተ! አሁንስ ይብቃኝ።"

ክሌም ሳቀ። ሃሪየት ግን አልሳቀችም።

"እትዬ ዌና፣ ማመልከቻው የቆመው በዚያ ታሪክ ነው። ይህን ብጽፍ ላይቀበሉት ይችላሉ። አያትዎም ከሐውልቱ ወጡ ማለት ነው።"

ዌና ስሙን አየችው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የኔ ስትለው የኖረችው ስም ነው።

"አያቴ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ የራሱ መቃብር አለው። ሰርዢው። ክሌም፣ አንተም ቅባ፤ ከሌሎቹ እንዳያንስ።"

ሃሪየት የጻፈችውን ሰርዛ ስለ ሟቹ የሚሞላ አዲስ ቅጽ አወጣች። ስም ሞላች። ማዕረግ ሞላች። ከዚያ እስክሪብቶዋ ቆመ።

"የቅርብ ዘመድ ይላል። የለውም ልበል?"

"ለምን ይባላል?" አለች ዌና። "ዌና ፓስኮ ብለሽ ጻፊ።"