አፏን የሞላች ወፍ

«ኧረ የሰው ያለህ! ሽማግሌው ወድቀዋል!»

ዓሣ ሻጯ እየጮኸች ሮጣ መጥታ፣ በእጇ የያዘችውን ባልዲ ሙሉ ውሃ ጀርባቸው ላይ ደፋችባቸው። ጋሽ ቀና በል ግን ከነጤናቸው ነበሩ። እርጥቡ አሸዋ ላይ በሆዳቸው ተኝተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ከባሕሩ ጠርዝ ትል የምትለቅም አንዲት ቀጭን እግር ወፍ በካሜራቸው እያዩ ነበር። ውሃው ሲደፋ ወፊቱም፣ መንጋዋም፣ የጠዋቱም ልፋት አብሮ ብር አለ።

«ሴትዮ፣ ምን በደልኩሽ?» አሉ፣ ከጢማቸው አሸዋ እያራገፉ።

«ውይ በሞትኩት! በሕይወት አሉ እንዴ ጋሼ?»

«ቅድም ድረስ ነበርኩ።»

የሰፈሩ ሰው ትክክለኛ ስማቸውን ከረሳው ቆይቷል። ዕድሜ ልካቸውን ፎቶ ቤታቸው ውስጥ «ቀና በል፣ ትከሻ ዝቅ፣ አፍ ግጥም» ሲሉ ስለኖሩ ስሙ እዚያው ተለጠፈባቸው። እኔ ነኝ ያለ ጎረምሳ እንኳ ለጉርድ ፎቶ እሳቸው ፊት ሲቀመጥ እንደ ምስማር ቀጥ ይላል። ሰርግ ተጠርተው ሲሄዱም የሚያኝክ ሰው አንስተው አያውቁም፤ ሙሽራም ብትሆን፣ ሹምም ቢሆን፣ እስኪውጥ ቆመው ይጠብቃሉ። «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል፣ ሲበላ ደግሞ ጉሮሮ ይታያል» ባይ ናቸው።

ጉልበታቸው ሲደክም ፎቶ ቤቱን ለልጃቸው አስረክበው ወደ ባሕር ዳር ወፎች ዞሩ። ልጅቷ አባቷን ትወዳለች፤ ፎቶ የምትሰቅልበትን የፎቶ ቤቱን መስኮትም እንዲሁ። የወፎቻቸውን ፎቶ ባመጡላት ቁጥር አንድ በአንድ ታያቸውና መልሳ ታስታቅፋቸዋለች።

«አባዬ፣ እነዚህ እኮ ለመታወቂያ የተነሱ ወፎች ናቸው። አንዷም ሆድ ያላት አትመስልም። ስትበላ የምታሳይ አምጣልኝ፣ መስኮቱ ላይ እሰቅላታለሁ። አባቴ ነህ ብዬ ግን አልሰቅልም።»

በገዛ እጃቸው ባቆሙት ፎቶ ቤት አንድ የወፍ ፎቷቸው ሳይሰቀል መቅረቱ፣ እንቅልፋቸውን ነሥቶ ነው በዚህ ጠዋት አሸዋ ላይ ያስተኛቸው።

ዓሣ ሻጯ ጥፋቷን ለማካካስ ፎጣዋን አለበሰቻቸውና ባልዲዋን ገልብጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። ወፍ ሲርባት ቂም አታውቅም፤ ሁሉም ተመለሱ። ማዕበሉ ሲሸሽ እያሳደዱት፣ ሲመጣ እያመለጡት፣ ምንቃራቸውን እንደ ስፌት መርፌ አሸዋው ውስጥ ይሰኩ ጀመር።

«ያዘች! ያዘች! አንሷት እንጂ!» አለች ሴትዮዋ በሹክሹክታ።

«ቆይ፣ ትዋጠው።»

ወፊቱ ዋጠች፣ ቀና አለች። ቀጭ።

«ሌላ አገኘች!»

«ትጨርስ።» ቀጭ።

ሴትዮዋ ብዙ ታገሠች። ከዚያ በላይ ግን አልቻለችም።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ የሚፈልጉት ስትበላ ነው ወይስ በልታ ስትጨርስ?»

«ስትበላ ነዋ!»

«ታዲያ ምነው እንግዳ እንደጠራ ሰው እስክትጠግብ የሚጠብቋት?»

ጋሽ ቀና በል ጣታቸውን እንደ ባዕድ አዩት። ሌንሱ ነው፣ ዐይኔ ነው፣ እርጅና ነው ሲሉ ከርመው፣ ለካ ወፏን ያስመለጠባቸው ጨዋነታቸው ኖሯል!

ወፊቱ አሁን አንድ ረጅም ትል አግኝታ ትጎትታለች። ትሉ አልወጣም አለ፣ እሷም አልለቅም አለች። እግሮቿ ተንፈራጠዋል፣ ጭራዋ ውሃ ነክቷል። የጋሽ ቀና በል ጣት እንደ ልማዱ እምቢ አለ።

«ይቅርታ፣ የኔ እመቤት» ብለው የካሜራውን ቁልፍ ተጫኑ።

«እኔን ነው?» አለች ዓሣ ሻጯ።

«አንቺን አይደለም። ዝም በይ፣ ምግብ ላይ ናት።»

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው አንድ ደንበኛ ሸኝታ የወፊቱን ፎቶ አትማ ብርሃን ላይ ያዘቻት። ምንቃሯ ተከፍቷል፣ ትሉ እንደ ክር ተወጥሯል፣ አንድ ክንፏ ደብዝዟል። ሰውን ሁሉ «አትንቀሳቀስ» ሲሉ የኖሩት አባት እግራቸው አላርፍ ብሎ ከበሩ እስከ መብራቱ ይመላለሳሉ። ልጅቷ መስኮቱ ላይ ለዘመናት የቆሙትን ሙሽሮች አወረደችና ወፊቱን ሰቀለች። ወጥታ ከመንገዱ ማዶ አየቻት፣ ተመልሳ ገባች።

«እና? ጥሩ ናት?» አሉ ጋሽ ቀና በል።

«በጣም ጥሩ ናት። አሁን ደግሞ እኔ ልጅ እያለሁ ስበላ ያነሳኸኝ አንድ ፎቶ እንኳ ካለህ ፈልገህ አምጣልኝ፤ አጠገቧ ቦታ ትቼለታለሁ።»