አራት ቀን ውሃ የጠጣ ታንኳ

ይታይሽ የልጇን ታንኳ የደበቀችው ሐሙስ ዕለት ነው። ልጇ አንለይ በሬ ሊያይ ወረታ ገበያ ሄዶ ነበር፤ ምራቷ አገኘሁሽም ጤፉን ስታርም ውላለች። ታንኳው እንደ ልማዱ ከሾላው ግንድ ተደግፎ፣ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ፀሐይ ይሞቃል። ከደረቀ ደንገል የታሰረ ታንኳ ለአንዲት ሴትም ብዙ አይከብድም። እየጎተተች ወስዳ ከሐይቁ ዳር ካለው ረጅም የፊላ ሣር መሐል አስገባችው፤ ጎርፍ ያመጣውን ጭቃ በእጇ እየዛቀች ጀርባው ላይ ከመረችበት። ታንኳው ቀስ እያለ ወደ ታች ሰጠመ። እጇን ታጥባ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ የሚያያት እንዳልነበረ ሦስት ጊዜ ዞራ አየች።

ወሩ መስከረም ነው። ጣና እንደየዓመቱ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ግማሽ ወስዶታል፤ ትናንት ከብት የጋጠበት ሣር ዛሬ ታንኳ ይሄድበታል። ባለፈው ሳምንት ከጎረቤት ደብር አንድ ጎልማሳ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ አልተመለሰም። ይታይሽ ለቅሶ ደርሳ ከመጣች ወዲህ እህል አልዋጥላት ብሏል። አንለይ ግን ያው አንለይ ነው። ርብ ወንዝ ከሐይቁ በሚገባበት፣ ድፍርሱና የጠራው ውሃ በሚገናኙበት ቦታ ትልልቁ አምባዛ መንጠቆ ይውጣል እያለ ወደዚያው ካልሄድኩ ይላል።

«ዳር ዳሩን አጥምድ፣ ልጄ» ትለዋለች።

«ዳር ላይ ያለው ጣት የምታክል ቀረሶ ናት፣ እማ። እሷንም አንቺ እየጮህሽ ታባርሪያታለሽ።»

«ሐይቁ ሰው በላ እኮ።»

«አንቺን እኮ እንስራ ውስጥ ያለ ውሃም ያስፈራሻል» ብሎ ይስቃል። አገኘሁሽም ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች።

ለምና አልሆነላትም፤ ተቆጥታም አልሆነላትም። ታንኳው ቢጠፋ አዲስ ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ እስኪጨርስ ወር ይሞላዋል፤ እስከዚያ ውሃው ይጎድላል፤ ነፋሱም ይበርዳል። ያሰበችው ይህን ብቻ ነው።

ያላሰበችው ነገር አንለይ የሚጠረጥረው ሰው እንዳለው ነው። ማረው የሚባለው ጎረቤታቸው አምሳ ዓመት የሞላው የሐይቅ ሰው ነው፤ ባለፈው ክረምት ከአንለይ ጋር በማጥመጃ ቦታ ተጣልተው ነበር። አርብ ጠዋት አንለይ ከማረው ደጅ ቆሞ፣ ሰው እየሰማ፣ «ሌባ» አለው። ማረው የያዘውን መቅዘፊያ መሬት ላይ አስቀምጦ ቤቱ ገባና በሩን ዘጋ። ይታይሽ ከአጥሩ ጥግ ሆና ይህን ሁሉ አየች። ከዚያ ዞራ ወደ ቤቷ ገባች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንለይ፣ «ፊላውን ውስጥ ለውስጥ ልፈልግ» ብሎ ተነሣ።

«እሱንማ እኔ ዛሬ ማለዳ አይቼው መጣሁ» አለች፤ ከአፏ አምልጦ ወጣ። «ከዳር እስከ ዳር። ምንም የለም።»

እሱም አመናት። እናቱ ናት፤ ለምን አያምናት?

ሰኞ ከምሳ በኋላ መሪጌታ ገብረ ሐና ለጎልማሶች ፊደል የሚያስቆጥሩበት ቀን ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ፣ ዋርካው ሥር፣ ሰባት ሴቶችና አራት ወንዶች ድንጋይ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ይታይሽ ይህን ትምህርት ትወደዋለች፤ ጣቷ ፊደሉን ሲከተል ሐሳቧም አብሮ ይሰበሰብላት ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኗ ከሐይቁ አልነቀል አለ።

«ይታይሽ» አሉ መሪጌታ፣ በአለንጋቸው ጫፍ ሰሌዳውን እየነኩ። «እኔ የጻፍኩት እዚህ ነው። ሐይቁ ላይ የጻፍኩት የለም።»

ሰዉ ሳቀ። እሷም ፈገግ ለማለት ሞከረች። ወዲያው አገኘሁሽ በሜዳው ላይ እየሮጠች ስትመጣ አየች።

«እማምዬ፣ ታንኳው ተገኘ» አለች ምራቷ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ ፊቷ ግን በደስታ እየበራ። «ከፊላው ውስጥ ጭቃ ለብሶ! ላሚቱ ልትግጥ ገብታ ስትረግጠው ነው ያየነው። አንለይ አጥቦት ይዞ ወጣ።»

«ወዴት ወጣ?»

«ወደ ርብ አፍ ነዋ። አራት ቀን የታገደ ሰው ይቆማል?»

ይታይሽ ከድንጋይዋ ተነሣች።  «ሲያነሣው አልከበደውም?»

«ከብዶታል እንጂ። ግን ‹ትናንት ማለዳ እማ አይታ የለም ብላኛለች፤ ስለዚህ ሌባው ያስገባው ዛሬ ሌሊት ነው፤ አንድ ሌሊት ብቻ የረጠበ ደንገል ምንም አይል› አለኝ።»

የሐይቅ ዳር ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። የደንገል ታንኳ ውሃ ላይ ከዋለ ከውሃው ወጥቶ፣ ቆሞ፣ ፀሐይ ላይ ሊውል ይገባዋል። ካልደረቀ ይጠጣል፤ የጠጣ ይከብዳል፤ ማሰሪያው ይላላል። ለዓይን ደህና ይመስላል፤ ሰው ተሸክሞ ጥቂት ይሄዳል፤ ከዚያ ማዕበል ሲመታው እንደ በሰበሰ ጭድ ይበታተናል። ሐሙስ፣ አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ይታይሽ በጣቷ ቆጠረች፤ አሁን ፊደል ሳይሆን ቀን ነው የቆጠረችው። ከራሷ በላይ የዋርካው ቅጠል ተንሿሿ። የከሰዓት በኋላው ነፋስ ከሐይቁ ወደ ዳር መንፈስ ጀምሯል።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ይህ ሐሳብ መጣባት፤ መምጣቱንም አወቀችው፤ ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ማረው ቤት ሮጠች። በዚህ ዳር ደረቅ ታንኳ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ማረው ከደጁ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። ታንኳው ከግድግዳው ተደግፎ ቆሟል፤ ደርቆ ነጭ ሆኗል።

«አያ ማረው፣ ድረስልኝ። አንለይ በረጠበ ታንኳ ርብ አፍ ወጥቷል።»

ማረው ቀና አላለም። «ሌባ ደግሞ ለሰው ይደርሳል እንዴ? እኔ ብወጣ መንጠቆውን ሰረቀኝ ይላል።»

«ልጅ ነው፣ ተወው፤ አያውቅም።»

«ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሚስት አለው፤ ልጅ ነው ትይኛለሽ። ደግሞ በደጄ ሲያልፍ ‹አንድ ሌሊት ነው የረጠበው› ሲል ሰምቼዋለሁ፤ አንድ ሌሊት የረጠበ ታንኳ ሰው አይገድልም። እንኳን እሱን አንቺንም ይሸከማል። ሂጂ፣ ፊደልሽን ቁጠሪ።»

ከኋላዋ መሪጌታም፣ አገኘሁሽም፣ ከዋርካው ሥር የነበሩትም ደርሰው ቆመዋል። ይታይሽ ሰዉን አላየችም፤ የማረውን እጅ፣ ገመዱን የሚገምደውን እጅ ብቻ አየች።

«አንድ ሌሊት አይደለም» አለች። «አራት ቀን ነው። ከሐሙስ ጀምሮ። የደበቅሁት እኔ ነኝ።»

የማረው እጅ ቆመ።

«ጭቃ ጭኜ ውሃ ውስጥ አስተኛሁት። እንዳይወጣብኝ ብዬ። አንተን ሌባ ሲል ቆሜ ሰማሁ። ፊላውን አይቻለሁ፣ የለም ብዬም ዋሸሁት።»

 አገኘሁሽ ከአማቷ አንድ እርምጃ ራቅ አለች፤ አውቃ ይሁን ሳታውቅ፣ ይታይሽ ግን አየቻት። ማረው ተነሥቶ ገመዱን ትከሻው ላይ ጣለ።

«ማሰሪያውስ? የፊት ለፊቱ ከላላ ቆይቷል፤ ባለፈው ጊዜ አይቼዋለሁ» አለ፣ ራሱን እንደሚያናግር። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ባዶ ቅል ያላችሁ አምጡ። የውሃም ይሁን የአሬራ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ። ቶሎ!»

ሴቶቹ ወደየቤታቸው ተበተኑ። መሪጌታ እንኳ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ «ከእኛም ቤት አንድ አለ» እያሉ ተጣደፉ። ስድስት ቅል መጣ። ማረው ሁለት ሰው ሲጫንበት እንዲያንሳፍፉት አራቱን ከታንኳው ግራና ቀኝ አሰረ፤ ሁለቱን ለአንለይ ሊወረውርለት በረጅም ገመድ አያይዞ ከፊቱ አስቀመጠ።

«እኔም ልምጣ» አለች ይታይሽ።

«አንቺ ከተቀመጥሽ ልጅሽ የት ይቀመጣል?» አለና በመቅዘፊያው ዳሩን ገፍቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር አልነበረም፤ ለይታይሽ የከበዳት ይህ ነው። እህል ቢሆን ትፈጭ ነበር፤ እንጨት ቢሆን ትፈልጥ ነበር። ነፋሱ በረታ። ማዕበሉ ከፊላው ጋር እየተጋጨ ነጭ አረፋ ይተፋል። የማረው ታንኳ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል፤ በመጨረሻም የጠፋው ሳይመለስ ቀረ። ጊዮርጊስን ተሳለች፤ ምን እንደተሳለች ግን አላወቀችም፤ ያላትን ሁሉ ሳይሆን አይቀርም።

«አገኘሁሽ» አለች ይታይሽ።

ምራቷ ዞር አላለችም። «አሁን አያናግሩኝ፣ እማምዬ። ሲመጣ ያናግሩኛል።»

«ካልመጣስ?»

«ካልመጣማ» አለች አገኘሁሽ፣ «ምን ብለው ያናግሩኛል?»

ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ዘንበል ስትል መሪጌታ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው፣ «አንድ ነገር ይታየኛል» አሉ። የታያቸው አንድ ታንኳ ብቻ ነው። አንድ ሰው ቆሞ ይቀዝፋል። ይታይሽ ሌላ ሰው ፈለገች፤ አጣች። ወደ ውሃው ገባች፤ እስከ ጉልበቷ፣ ከዚያ እስከ ወገቧ። ውሃ የምትፈራው ሴት ውሃ ውስጥ እንደቆመች አላስተዋለችም። ታንኳው ሲቀርብ ከማረው እግር ሥር የተጋደመ ነገር አየች። ሁለት ቅል ደረቱ ላይ አቅፏል። ቅሉን የያዘው እጅ ተንቀሳቀሰ።

አንለይን አምስት ሰው ደግፎ አወጣው። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ጋቢ አልብሰው በማረው ደጅ እሳት ዳር ሲያስቀምጡት ጥቂት ቆይቶ መናገር ቻለ።

«መሐል ለመሐል ተሰነጠቀ» አለ። «ማሰሪያው ተፈታና ደንገሉ አንድ አንድ እያለ ሄደ። አንዱን እስር ታቅፌ ነበር፤ እሱም ይሰጥም ጀመር። ታንኳዬን የደበቀውን ሰው ባገኘው...»

ሁሉም ወደ ማረው አየ። ማረው ልብሱን እየጨመቀ ነበር። መናገር የሚችል ሰው ነው፤ ምክንያትም ነበረው። ግን ልብሱን መጭመቁን ቀጠለ።

«እኔ ነኝ» አለች ይታይሽ። የሆነውን ሁሉ፣ ከጭቃው እስከ ውሸቱ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ተናገረች። ለማረው ስትናገር ቀልሏት ነበር፤ ለልጇ ግን እያንዳንዱ ቃል እንደ እሾህ እየተነቀለ ወጣ።

አንለይ እሳቱን እያየ ሰማ። ስትጨርስ ጋቢውን ትቶ እየተንቀጠቀጠ ተነሣ፤ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ማረው ፊት አጎነበሰ። በዚያ አገር የሰው ስም ያጠፋ ሰው ይቅርታ የሚለምነው እንዲህ ነው።

ይታይሽ ተከትላው ሄደች። ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ አነሣችው፤ ከባድ ነው።

«ይህ የእኔ ሸክም ነው» ብላ በራሷ አንገት ላይ አደረገችው። «ስምህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አያ ማረው። እሱ ሌባ ያለህ እኔ ታንኳውን በመደበቄ ነው።»

«እናትና ልጅ ደግሞ በድንጋይ ሊጣሉ ነው» አለ ማረው። ቀና ብሎ መሪጌታን አየ፤ መሪጌታም አንገታቸውን ነቀነቁ። «አስቀምጪው፣ እቴ። ምሬአለሁ። ግን አርብ ሌባ የተባልኩት ሰው ፊት ነው፤ ስሜም ሰው ፊት ይመለስ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህንኑ ትናገሪያለሽ።»

«እናገራለሁ።»

አንለይ ከአጥሩ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ፊቱን ወደ እናቱ አላዞረም። ሲናገርም ለማረው ይመስላል እንጂ እሷ እንድትሰማ ነው።

«ከእንግዲህ ብቻዬን አልወጣም። አያ ማረው ከፈቀደ ከእሱ ጋር እወጣለሁ። ግን እወጣለሁ።»

‹አትውጣ› የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሐይቁ ከፊላው ማዶ ይጮሃል። ቃሉን ዋጠችው፤ ሲወርድም ተሰማት።

«መቼ?» አለች።

አንለይ የማረውን ታንኳ አየ፤ ውሃው ገና ከጎኑ ይንጠባጠባል።

«ሲደርቅ» አላት።